ሱባ እና ሱባኤ፦ በብስክሌት ከመካኒሳ እስከ ወጨጫ አስታ

እሑድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ መካኒሳ

የንጋቱ ብርሃን ልምጣ አልምጣ እያለ ነው። ጳውሎስ ከሱቁ ደጃፍ ተንበርክኮ የፊት ጎማዬን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ትንሽ ያስተነፍሳል፣ ደግሞ ይጫናል።

«አጠንክረህ ነፋኸው» አለኝ። «የዛሬው መንገድ ደረቅ ጎማ አይወድም። ጠጠር ላይ ጎማ ትንሽ መላላት አለበት፤ አለዚያ ድንጋዩ ሁሉ ወገብህ ላይ ነው የሚያርፈው።»

ጊዜው የደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ሆኗል፤ መኪና ያለው ሰው መኪናውን አጥቦ ያቆማታል፣ መንገዱም ለእኛ ለብስክሌተኞች ተለቋል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ከከተማ ለመውጣት ግን የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል። ይህን ማስታወሻ ያኔ በየማረፊያው በኪስ ደብተር ይዤው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሊጻፍ የማይችለውን አሁን ጨምሬበታለሁ።

እኔ ተፈራ እባላለሁ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ነዳፊ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውን የሱባን ጫካ አረንጓዴ ቀለም ስቀባ ኖሬ አንዲት ዛፉን አላየሁም። ከአረንጓዴው በላይ፣ ወደ ወጨጫ ተራራ አናት፣ ጥቃቅን ነጥቦች እጨምራለሁ፤ በማብራሪያው ላይ «አስታ» ይላል። አንድ ቀን አለቃዬን «ይህ አስታ የሚሉት ምን ይመስላል?» ብዬ ብጠይቀው «ነጥብ ይመስላል፤ ቀጥል» አለኝ። ነገሩ ሆዴ ገብቶ ቀረ።

ጳውሎስ የሆሳዕና ሰው ነው፤ መካኒሳ ላይ ብስክሌት ይጠግናል። የእኔ ብስክሌት መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ፣ ለአስፋልት የተሠራ አሮጌ የጣልያን ኮርሳ ነው። ጳውሎስ ሹካውን ከፈት አድርጎ የቻይና ሰፊ ጎማ አስገባበት፤ ፍሬኑን ዝቅ አድርጎ በየደው። «አስፋልት ላይ ትረግመኛለህ፣ ጠጠር ላይ ትመርቀኛለህ» ብሎ ነበር ሲያስረክበኝ። እሱ ራሱ የሚጋልበው ዕቃ መጫኛ ያለውን ከባድ የቻይና ብስክሌት ነው። ዛሬ የወጣነው እኔ ነጥቦቼን ለማየት፣ እሱ ደግሞ የእጁን ሥራ ለመፈተን ነው።

ባለቤቱ ማርታ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ መንገዱ ወጣች። ለባሏ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድም ተፈራ፣ አደራ። ሳይመሽ ይዘኸው ና።»

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጳውሎስ ጴንጤ ነው። ሰዎች ተሰብስበው በሚጸልዩበት ቤት ተገኝቶ ሦስት ወር ታስሯል፤ ከወጣ ሁለት ወሩ ነው። ሲለቀቅ «ከእንግዲህ በማናቸውም የጸሎት ስብሰባ ብገኝ ያለ ምንም ጥያቄ ልመለስ» የሚል ወረቀት ፈርሟል። ሁለተኛ ከገባ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ማርታ «ሳይመሽ» ስትል ስለ ጨለማው ብቻ አልነበረም።

«ወረቀቱን ይዘሃል?» አለኝ ጳውሎስ።

የሸሚዜን ኪስ መታ መታ አደረግሁ። ለሁለታችንም የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙን ትናንት ሲሰጡኝ አይቼዋለሁ። ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ አልደበዘዘም። የተማርን ሰዎች ወረቀት የምናነበው እንዲህ ነበር፤ ማኅተሙን እናያለን፣ እናጥፋለን፣ ኪስ እንከታለን።

1 ሰዓት፤ ለቡ

የመካኒሳ ቤቶች እየሳሱ ሄደው አለቁ፤ እርሻ ጀመረ። ጤፉ ወደ ቢጫ እየዞረ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር በዝናብ ጊዜ ጭቃ ሆኖ የረገጡትን ከብቶች ኮቴ ይዞ ደርቋል። በዚህ ላይ ብስክሌት መንዳት ወንፊት ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ይጨፍራል። ጳውሎስ ከፊቴ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ብሎ፣ ክርኑን አላልቶ ይሄዳል።

በስተግራችን ከሀና ማርያም በኩል ደወል ይሰማል። የእሑድ ቅዳሴ ነው። የሚጠራው እንደ እኔ ያለውን ሰው ነበር፤ የመሥሪያ ቤታችን የማርክሲዝም ውይይት ክበብ ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ ግን በእሑድ ጠዋት ብስክሌት እንጂ ቅዳሴ አላውቅም። ክበቡ ውስጥ የገባሁት ስለገባኝ አይደለም፤ ያልገባ ሰው ስለሚታይ ነው።

ከለቡ ኮረብታ ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ ላይ ከተበተኑት ድንጋዮች ትልቁን መረጥኩና ቀጥ ብዬ ሄጄ ገጨሁት። እኔ አንድ ቦታ፣ ብስክሌቱ ሌላ ቦታ አረፍን። ጳውሎስ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ድንጋዩን አይተኸው ነበር?»

«ከሩቅ ነው ያየሁት!»

«እሱ ነው ጥፋቱ። ዓይንህ ያረፈበት ቦታ ነው ጎማው የሚሄደው። ድንጋዩን ተወው፤ በጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ እይ።»

ጉልበቴ ተልጧል፤ ብስክሌቱ ምንም አልሆነም። ጳውሎስ ያየው መጀመሪያ ብስክሌቱን ነው።

2 ሰዓት ከሩብ፤ ዓለም ገና ኬላ

በመንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከጎኑ የቆርቆሮ ጎጆ፣ ከጎጆው ፊት አንድ ሸምገል ያሉ ሚሊሺያ። ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወረቀት።»

ሰጠኋቸው። አይተው ይመልሱልኛል ብዬ እጄን እንደዘረጋሁ ቆየሁ። ሰውየው ግን ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ በመዳፋቸው አስተካከሉት፣ ጣታቸውን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፉ።

«ለሚ... መለ... ከተው... ሁሉ።»

ስማቸው ኦቦ ደበሌ ነው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በስተርጅና ነው፤ ይህን በኩራት የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ማኅተም አይቶ አያሳልፍም። የደከመበትን ፊደል አንድ በአንድ ሳያገኝ አይለቅም። ከኋላችን ከሰል የጫነ የጭነት መኪና ደርሶ ክላክስ አስጮኸ።

«ቆይ! እያነበብኩ ነው!» አሉት። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

የእኔን ስም አለፉ፣ የጳውሎስን ስም አለፉ። «...በእረፍት ቀናቸው ለሱ... ባ... ኤ... ወደ ጫካ ስለሚሄዱ...» ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩን።

«ሱባኤ?»

«ሱባ ነው አባቴ» አልኩ። «የሱባ ጫካ። ልናይ ነው የምንሄደው።»

«ኤ አለችበት። እቺ ኤ አይደለችም እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ኤ ነበረች፤ ተስተካክላ፣ አምራ የተጻፈች። ወዲያው ገባኝ። የቀበሌያችን ጸሐፊ ጓድ መርሻ ከአብዮቱ በፊት መሪጌታ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ። «ወደ ሱባ ጫካ» ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እጃቸው ግን ሱባ ላይ ሲደርስ በልጅነቱ በለመደው ሄዶ ሱባኤ ብሎ ጨርሶታል። ከሰው ተለይተው በጾምና በጸሎት ሊሰነብቱ ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይላል፣ ከዚያ በታች ያ የወደድኩት ማኅተም አለ።

ጳውሎስን አየሁት። ፊቱ አልተለወጠም። ጸሎት የተከለከለ ሰው ለጸሎት ጫካ መሄዱን የሚመሰክር የመንግሥት ደብዳቤ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ።

«ይመልሱልኝና ወደ ቤታችን እንመለስ» አልኩ።

«ያነበብኩትን አላነበብኩም ልበል? ወረቀቱ እዚህ ይቆያል። የፈረቃው ኃላፊ ከሰዓት ይመጣል፤ እሱ ይየው። ስትመለሱ በዚሁ በኩል ነው።»

«ታዲያ አሁን እንሂድ ወይስ እንቁም?»

ኦቦ ደበሌ የደብዳቤውን መጨረሻ ደግመው አነበቡ። «'እንዲተባበሯቸው እንጠይቃለን' ይላል» አሉና ገመዱን ዝቅ አደረጉልን። «ተባብሬያለሁ። ሂዱ።»

ኬላውን እንዳለፍን ቆምን። እኔ መመለስ ፈልጌ ነበር።

«ብንመለስ ወረቀቱ እሳቸው ጋ ነው፤ ብንሄድም እሳቸው ጋ ነው» አለ ጳውሎስ። «ካልቀረ ጫካውን አይተን እንጠየቅ።»

4 ሰዓት፤ ከሰበታ በላይ

ሰበታ ላይ ሻይ በዐሥር ሳንቲም ጠጣን፤ ስኳር የለም፣ በስኳር ፋንታ ከረሜላ ይሰጣሉ። ከተማዋን አልፈን ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከዚህ በኋላ ያለው ጠጠር ብቻ ነው።

ስለ ጠጠር ጥቂት ልበል፤ ካርታ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት መስመር ነውና። ከሰበታ በላይ ያለው ቀይ ነው፤ የሽምብራ ፍሬ ያክላል፤ ጎማው ሥር ይንከባለላል፣ ዳገት ላይ የኋላ ጎማ ይፈተልክበታል። ከኮርቻው ብድግ ካልክ ይንሸራተታል፤ ተቀምጠህ፣ ክብደትህን ወደ ኋላ ጥለህ፣ ቀስ እያልክ ትረግጣለህ። ከፍ ሲል ደግሞ ውሃ ያጠበው ድንጋይ ይመጣል፤ በሁለቱ የመኪና ጎማ መንገዶች መካከል ያለው ሣር ላይ መሄድ ይሻላል። ይህን ያወቅሁት ከሁለት ውድቀት በኋላ ነው። የጳውሎስ ሰፊ ጎማ ግን አልበደለኝም። ረገምኩትም መረቅሁትም፤ በአንድ ቀን።

ዳገቱን ስንወጣ ሁለታችንም ስለዚያች ወረቀት እያሰብን ነበር። እኔ የማስረዳበትን ቃል እደረድራለሁ፤ የፊደል ግድፈት ነው፣ የጸሐፊው ልማድ ነው፣ ጓድ መርሻ ይጠየቁ። በሐሳቤ ኃላፊው ሁልጊዜ አስተዋይ ሰው ነበር።

6 ሰዓት፤ ሱባ

ጫካው ቀስ ብሎ አይጀምርም፤ እንደ በር ነው። አንድ እርምጃ ፀሐይ፣ ቀጣዩ እርምጃ ጥላ። ላባችን ወዲያው ቀዘቀዘ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፤ አንዳንዱ ጽድ ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አንከብበውም። መንገዱ በወደቀ ቅጠል ለስልሶ የጎማችን ድምፅ ጠፋ፤ ከዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ በኋላ ፀጥታው ራሱ ጆሮ ያማል። ከላያችን ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። እኔ ይህን ሁሉ አንድ ወጥ አረንጓዴ ቀብቼው ነበር። ቢያንስ አምስት ዓይነት አረንጓዴ ያስፈልገዋል።

ከእንጨት መሰንጠቂያው አለፍ ብሎ የጫካ ጠባቂው ቤት አለ። ጠባቂው የለም፤ ባለቤቱ ወይዘሮ ጫልቱ ደጃፍ ላይ ገብስ ታሰጣለች። ውሃ ስንጠይቃት በጣሳ አሬራና አንድ ሰፌድ የገብስ ቆሎ አቀረበችልን። ጳውሎስ በኦሮምኛ አመሰገናት፤ ሳቀችበት፣ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«የት ነው መንገዱ?»

«አስታው ድረስ።»

«ምን ልታመጡ?»

«ምንም። ለማየት ብቻ።»

«አስታ ማገዶ ነው እኮ» አለች። እኔን አየች፣ ብስክሌቱን አየች፣ የተላጠ ጉልበቴን አየች። «ከአዲስ አበባ ድረስ፣ ማገዶ ለማየት?»

አሬራውን ጠጣሁ። ስንነሣ ቆሎውን በወረቀት ጠቅልላ ኪሴ ከተተችው፤ የሰጠኋትን ብር አልተቀበለችም።

8 ሰዓት፤ አስታው

ከቤቷ በላይ ግማሹን ነዳን፣ ግማሹን ገፋን። ዛፎቹ እያጠሩ፣ እየቀጠኑ መጡ፤ ኮሶዎቹ ብቻ ጥቂት አብረውን ወጡ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሰማዩ ተከፈተ።

አስታ ማለት እንዲህ ነው። ሰው ወገብ ድረስ የሚመጣ፣ ቦታ ቦታ ከራስ በላይ የሚረዝም ቁጥቋጦ፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያክል ነጭ አበባ የተነሰነሰበት። ግንዱ ጠማማ ነው፤ ከቅርንጫፉ ግራጫ ሽበት ይንጠለጠላል። ነፋሱ አያቋርጥም፤ ያ ሁሉ ቁጥቋጦ በአንድነት ሲያጎነብስ በአንድነት ሲነሣ ይታያል። በመካከሉ ከብት የቀደደው፣ አንድ ብስክሌት ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ አለ፤ ጥቁር አፈር፣ አልፎ አልፎ ድንጋይ። እዚያ ላይ ነዳን። አስታው ከግራና ከቀኝ ክንዳችንን እየዳበሰ፣ ጎማው አፈሩ ላይ ጸጥ ብሎ እየሄደ። ድንጋዮቹን ትቼ ባዶውን ቦታ እያየሁ ነበር፤ አልወደቅሁም። በሕይወቴ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት ብስክሌት ነድቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ። ነጥብ እንደማይመስል ለአለቃዬ ለመንገር ቸኮልኩ።

ከዚያ አረፍን። ጳውሎስ «መጣሁ» ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ሲቆይብኝ ብድግ ብዬ አየሁ። መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ መዳፎቹን ከፍቶ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማለትም ደብዳቤው አልዋሸም። ማታ ቢጠየቅ ደግሞ ጳውሎስ አይዋሽም፤ አውቀዋለሁ። እንደማውቀው ለመናገር ግን መብት አልነበረኝም። በታሰረ ሰሞን ቀበሌ ጠርተው «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» ብለውኝ ነበር። በየእሑዱ ሁለት ዓመት አብረን ነድተናል፤ ዳቦውን በልቻለሁ፣ ሐሳቤን አጫውቼዋለሁ። «ጎማ ያጣብቅልኛል፤ ከዚያ በላይ አይደለም» አልኩ። ጻፈው አሉኝ፣ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ፈረምኩ። ቆንጆ የነዳፊ ጽሑፍ ነው የተጠቀምኩት። ከወጣ በኋላ ለእሱ አልነገርኩትም። ያን ዕለት አስታው መሀል ተቀምጬ አፈርኩ፤ አሁን ስጽፈውም አፍራለሁ።

ጳውሎስ ጉልበቱን እያራገፈ መጣ። «እንውረድ፤ ጊዜው ሄዷል» አለ።

9 ሰዓት ተኩል፤ ቁልቁለት

ለመውጣት አራት ሰዓት ፈጅቶብን ነበር፣ ለመውረድ ግን አንድ ሰዓት በቃን። ቁልቁለት ላይ ቀላሉ መውረድ ነው፤ አስቸጋሪው መቆም። የፊት ፍሬን ከያዝክ ትገለበጣለህ፣ የኋላውን ብቻ ከያዝክ ትንሸራተታለህ፤ ሁለቱንም እየነካህ እየለቀቅህ ነው የሚወረደው። ጣቶቼ ደንዝዘው የማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር።

ከሰበታ በላይ ቀዩ ጠጠር ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። እሾህ ነው። ፀሐይዋን አየሁ፤ የማርታ ቃል ትዝ አለኝ። ጳውሎስ ጎማውን ፈታ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን አውጥቶ ከንፈሩ ላይ እያስጠጋ የሚወጣውን አየር ፈለገ፣ ፍቆ ማስቲሽ ቀባ፣ እስኪደርቅ እፍ አለበት። እኔ ቆሜ የማየው ጎማዬን ሲያጣብቅልኝ ነው። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

11 ሰዓት፤ ዓለም ገና ኬላ

የፈረቃው ኃላፊ ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። ደብዳቤያችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ድንጋይ ተጭኖበታል። ኦቦ ደበሌ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«ጳውሎስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሃይማኖትህ?»

«ጴንጤ ነኝ» አለ። ሙያውን የተጠየቀ ያህል ነው የመለሰው።

ኃላፊው እስክሪብቶ መዘዘ። ቶሎ ብዬ ገባሁበት። «ጓድ፣ ስሕተት አለ። ጸሐፊው ሱባ ለማለት ነው፤ የጫካው ስም ነው። አንዲት ፊደል ተጨምራ ነው።»

«ማኅተም የለውም?»

«አለው።»

«ፊርማ?»

«አለው።»

«ማኅተምና ፊርማ ያለው የመንግሥት ደብዳቤ ተሳስቷል ነው የምትለኝ?»

ቀኑን ሙሉ የደረደርኩት ማስረጃ ሁሉ እዚህ ላይ ፈረሰ። ተሳስቷል ካልኩ የቀበሌውን ማኅተም መናቄ ነው፤ አልተሳሳተም ካልኩ ጳውሎስ ጸሎት ላይ ዋለ።

«አልተሳሳተም» አልኩ።

«ጥሩ።» ወደ ጳውሎስ ዞረ። «አንተ፣ ዛሬ ጫካ ውስጥ ጸልየሃል?»

ጳውሎስ አፉን ሲከፍት አየሁ።

«ሱባኤው የእኔ ነው!» አልኩ። ከጠበቅሁት በላይ ጮክ ብሎ ነው የወጣው። «ሱባኤ የገባሁት እኔ ነኝ። ይህ ሰው ጎማ ያጣብቅልኛል፤ ከዚያ በላይ አይደለም። መንገድ ላይ ቢበላሽብኝ ብዬ ነው ያስከተልኩት።»

ኦቦ ደበሌ ከተደገፉት በር ቀና አሉ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ልክ ነው እኮ። ሱባኤ የእኛ የኦርቶዶክሶች ነው። ጴንጤ ሱባኤ ገባሁ አይልም፣ ጾም ጸሎት ያዝኩ ነው የሚለው። ወረቀቱ ሱባኤ ካለ የዚህኛው ነው።»

ኃላፊው ደብዳቤውን አየ፤ ማኅተም ያለበት ቃል ነው፣ ሊከራከረው አልቻለም። ወደ እኔ ዞረ።

«የክርስትና ስምህ?»

«ገብረ ኪዳን።» ስንት ዓመት ያልጠራሁት ስም ነው።

«ሥራህ?»

«የካርታ ነዳፊ።»

«መሥሪያ ቤታችሁ የውይይት ክበብ የለውም?»

«አለው።»

«አባል ነህ?»

«ጸሐፊው ነኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ስሜንና የመሥሪያ ቤቴን ስም እየደገመ ጻፈ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። «የክበቡ ጸሐፊ ሱባኤ ገብቶ ዋለ። ይህ ለመሥሪያ ቤትህ ይደርሳል። ሂዱ፣ ሁለታችሁም።»

ደርሷልም። በሦስተኛው ሳምንት በስብሰባ ላይ ተነበበ፤ ከጸሐፊነቱ ተነሣሁ፣ ለውጭ አገር ሥልጠና ከተላለፈው ዝርዝር ውስጥም ስሜ ተሰረዘ። አስታው ነጥብ አይመስልም ብዬ ለአለቃዬ ሳልነግረው ቀረሁ።

12 ሰዓት፤ ለቡ

ገመዱን አልፈን ወደ ለቡ ነዳን። ፀሐይዋ ከጀርባችን ነች፤ ጥላችን ከፊታችን ረዝሞ ይሄዳል። የለቡ ዳገት ላይ ወርደን ስንገፋ ጳውሎስ ተናገረ።

«'ጎማ ያጣብቅልኛል፣ ከዚያ በላይ አይደለም' ስትል ይህ ሁለተኛህ ነው።»

እግሬ ቆመ። እሱ ግን መግፋቱን አላቋረጠም፤ ሮጥ ብዬ ደረስኩበት።

«ማን ነገረህ?»

«መርማሪው አነበበልኝ። ጽሑፍህ ያምራል።»

«በዚህ ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር? ብስክሌቱን ስትሠራልኝም?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ምንም አላልከኝም?»

«አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር» አለ። ከዚያ ጥቂት ገፋና ጨመረበት፦ «በጣም ከፍቶኝ ነበር ተፈራ። ከዱላው ይልቅ እሷ ወረቀት ነበረች የከፋችብኝ።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ቃሉን በትክክል አላስታውሰውም፤ ደጋግሜ እንደተናገርኩት አስታውሳለሁ። ጳውሎስ የኮረብታው አናት ላይ ሲደርስ ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

«የዛሬው ይሻላል» አለና ቁልቁል ለቀቀው።

12 ሰዓት ተኩል፤ መካኒሳ

ማርታ የጠዋቱ ቦታ ላይ ቆማለች። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እጁን ያዘችና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

«ግባ እንጂ ወንድም ተፈራ፤ እራት ደርሷል» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ ጴንጤ ቤት የሚገባ ሰው ይቆጠራል። ከፊት ለፊታቸው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጓድ መስኮት አለ፤ መጋረጃው ሁልጊዜ ትንሽ ገለጥ ያለ ነው። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጳውሎስ ጋር የተገናኘነው ሱቁ ላይ ወይም መንገድ ላይ ነበር፤ ደጃፋቸውን አልፌ አላውቅም። ማርታም ይህን ታውቃለች፤ ጋብዛኝ ወዲያው ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ብስክሌቱን ወደ ውስጥ አስገባው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ውጭ ከሆነ ይታያል።»

«ይታይ» አልኩና ከበራቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደግፌው ገባሁ።